የ23 ሜትሩን ሥጋት ማን ፈረመበት?

ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. አስተርዮ ማርያም ነበረች። ረቡዕ የሥራ ቀን ስለሆነ በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ የምንኖር ብዙዎቻችን በዓሉን በሥራ አሳልፈን፣ ማታ ቤታችን ገብተን ነበር። ከምሽቱ 2:48 ገደማ ከካንሳስ ዊቺታ የመጣ የአሜሪካን አየር መንገድ አውሮፕላን፣ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፍ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይቀረው፣ ከአንድ የጦር ሠራዊት ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቁ። በአውሮፕላኑ 64፣ በሄሊኮፕተሩ 3፣ በድምሩ 67 ሰው አለቀ። ከሟቾቹ መካከል ከሥልጠና የሚመለሱ ታዳጊ የበረዶ ሸርተቴ ስፖርተኞችና አብረዋቸው የነበሩ ወላጆቻቸው ይገኙበታል።

ሬገን ለእኛ እንግዳ ቦታ አይደለም። ከበሩ ታክሲ ይዞ የሚሰለፈው፣ አዛውንት በዊልቸር የሚገፋው፣ መኪና ማቆሚያው ላይ የሚሠራው ብዙው የአገራችን ልጅ ነው። እኔም ከማረፊያው በስተሰሜን ያለችው ግራቭሊ ፖይንት የምትባል መናፈሻ ልጆቼን ብዙ እሑድ ወስጃለሁ። ሣሩ ላይ ጋደም ብለን አውሮፕላኖቹ ጎማቸውን ዘርግተው በራሳችን ላይ ሲያልፉ እናያለን። ከእነሱ በታች ደግሞ የወታደር ሄሊኮፕተሮች ወንዙን ተከትለው ይወርዳሉ። ልጆቹ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያዩ ይበልጥ ደስ ይላቸው ነበር። በመካከላቸው ስንት ሜትር እንዳለ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

መልሱ በመርማሪዎች ሰነድ ውስጥ አለ። ሄሊኮፕተሮቹ የሚሄዱበት መስመር «ሩት 4» ይባላል። የወንዙን ምሥራቃዊ ዳር ይዞ ይወርዳል፤ በማረፊያው አካባቢ ከ200 ጫማ፣ ማለትም ከ60 ሜትር በላይ መብረር አይፈቀድም። ወደ 33 ቁጥር መንደርደሪያ የሚያርፍ አውሮፕላን ደግሞ ያንኑ የወንዝ ዳር እየወረደ ያቋርጠዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ሲያሰላው፣ ሄሊኮፕተሩ የተፈቀደለትን ከፍታ ጠብቆ፣ አውሮፕላኑም ትክክለኛውን የመውረጃ መስመር ይዞ ቢሄዱ፣ ማለትም ማንም ምንም ሳያጠፋ፣ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት 75 ጫማ ነው። 23 ሜትር፤ የሰባት ፎቅ ሕንፃ ቁመት ማለት ነው። መስመሩ በካርታ ላይ የግራና የቀኝ ወሰን ስላልነበረው፣ ሄሊኮፕተሩ ወደ ወንዙ መሐል ጠጋ ካለ ይህም ክፍተት ይጠባል።

ይህች ጠባብ ክፍተት ምን ምን መሸከም እንደነበረባት እንመልከት። የሄሊኮፕተሩ ከፍታ መለኪያ በአየር ግፊት የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከእውነተኛው ከፍታ በተወሰነ መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ማንበቡ የታወቀና በደንብም የተፈቀደ ነው። ከአደጋው በኋላ የዚያው ዓይነት ሦስት ሄሊኮፕተሮች ሲፈተሹ መለኪያቸው ከእውነተኛው ከፍታ ከ80 እስከ 130 ጫማ ዝቅ አድርጎ ሲያሳይ ተገኘ። 75 ጫማ ክፍተት፣ እስከ 130 ጫማ የሚሳሳት መሣሪያ! በዚያ ምሽት ሄሊኮፕተሩ ግጭቱ ሲደርስ የነበረው 278 ጫማ ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ደቂቃዎች ቀደም ብሎ አብራሪዋ «300 ጫማ» ስትል፣ ጎኗ የተቀመጠው አሠልጣኝ «400» ብሎ ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ኮክፒት ተቀምጠው የ100 ጫማ ልዩነት ተናገሩ። ልዩነቱን ያነሳው ግን አልነበረም።

ሌላም አለ። በረራው አብራሪዋ በማታ ማያ መነጽር ችሎታዋ የምትመዘንበት ዓመታዊ ፈተና ነበር። በመነጽሩ የሚታየው 40 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ የከተማው መብራት ሁሉ ደግሞ ይጎላበታል። ማማው ውስጥ አንድ ተቆጣጣሪ የሄሊኮፕተሮቹንም የአውሮፕላኖቹንም ሥራ ደርቦ ይዟል። አውሮፕላኑ ዞሮ ወደ 33 እንደሚያርፍ ሲነገር «ዞሮ» የሚለው ቃል ሄሊኮፕተሩ ውስጥ የተሰማ አይመስልም። በመጨረሻዎቹ 20 ሰከንዶች ተቆጣጣሪው «ከአውሮፕላኑ በኋላ እለፉ» ሲል፣ ከሄሊኮፕተሩ በኩል የሬዲዮው ቁልፍ ለ0.8 ሰከንድ ተጭኖ ስለነበር «በኋላ እለፉ» የሚለው ተዋጠ። አውሮፕላኑ ላይ ያለው የግጭት መከላከያ መሣሪያ «ትራፊክ» ብሎ አስጠነቅቋል፤ ነገር ግን ለመሬት ሲቀርብ «ውጣ፣ ውረድ» የሚለውን ትእዛዝ እንዳይሰጥ ሆኖ የተሠራ ነው። ሄሊኮፕተሩ ቦታውን ለሌሎች የሚያስተላልፍበት ኤ.ዲ.ኤስ.-ቢ የሚባለው መሣሪያም መረጃ አያስተላልፍም ነበር።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ የጠየቀው «ማን አጠፋ?» ብሎ ነው። አብራሪዋ ናት፣ ተቆጣጣሪው ነው፣ እየተባለ የሟቾች አስከሬን ከወንዙ ሳይወጣ ጣት መቀሳሰር ተጀመረ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የሐዘን ጊዜ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ በር ስለሚያንኳኳ ነው። የሰው ጆሮ ቃል ይስታል፣ መሣሪያ ይሳሳታል፣ ሰው ይደክማል። በአቪዬሽን የሥጋት አስተዳደር የሚባለው ሥራ የተፈጠረው ይህን አምኖ ነው። ሥራው ስሕተት የማይሠራ ሰው መፈለግ ሳይሆን፣ ሰው ሲሳሳት ሞት እንዳይመጣ ቦታ መተው ነው። ፖቶማክ ላይ የተተወው ቦታ 23 ሜትር ነበር።

ለጥቂት ስንተርፍ «ተመስገን» እንላለን፤ ማለታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። በአቪዬሽን ከ«ተመስገን» በኋላ ቁጭ ብሎ መጻፍ አለ፦ የት፣ ስንት ሰዓት፣ በስንት ሜትር፣ ለምን። ቦርዱ ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 በሬገን የተደረጉ 944,179 የንግድ በረራዎችን መረጃ ሲመረምር፣ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ወደ ጎን ከአንድ የባሕር ማይል፣ ከላይ ወደ ታች ከ400 ጫማ ባነሰ ርቀት የተቀራረቡበት 15,214 ጊዜ አገኘ። ከነዚህ ውስጥ 85ቱ ወደ ጎን ከ1,500 ጫማ፣ ወደ ላይ ከ200 ጫማ በታች ናቸው። ከ2011 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት ደግሞ ቢያንስ በየወሩ አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ በሄሊኮፕተር ምክንያት ከመሣሪያው የማምለጫ ትእዛዝ ተቀብሏል። በየወሩ! መረጃው ሁሉ ከአደጋው በፊት በመንግሥት እጅ ነበር። ቆጥሮ አንድ ወረቀት ላይ ያሰፈረው ግን አልነበረም። እነዚያ 85 ጊዜያት በውስጣቸው ተሳፋሪ የያዙ ናቸው፤ ብዙዎቹ አርፈው፣ ሻንጣቸውን አንስተው፣ ምናልባትም የእኛን ልጅ ታክሲ ተሳፍረው ሳያውቁት ቤታቸው ገብተዋል።

አሁን ወደ ወታደሩ እንምጣ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሥጋት አስተዳደር ትምህርት ከማንም ያላነሰ ነው። ከበረራ በፊት ቅጽ ይሞላል፤ የአየሩ ሁኔታ፣ የአብራሪው ልምድ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ቀን ነው ወይስ ማታ የሚለው ይመዘናል። ሥጋቱ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ወይም እጅግ ከፍተኛ ተብሎ ይመደባል፤ ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈርመው አዛዥ ማዕረግም ከፍ ይላል። ትምህርቱ የሚቆመው በሁለት መርሆዎች ላይ ነው ብል አልሳሳትም። አላስፈላጊ ሥጋት አትቀበል፤ ሥጋትን የሚቀበለው ደግሞ ሥልጣኑ ያለው ሰው ይሁን።

ታዲያ የ23 ሜትሩን ሥጋት ማን ተቀበለው? ካርታውን ያወጣው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ ነው። ለእሱ ሄሊኮፕተሩ የጦሩ ነው፤ ጦሩ አብራሪዎቹን ያውቃል፣ መሣሪያውን ያውቃል። ለጦሩ ደግሞ መስመሩ በመንግሥት የታተመ ካርታ ላይ ያለ፣ አስተማማኝ ነገር ነው። አስተዳደሩ የመለኪያውን ስሕተት አያሰላም፤ ጦሩ የ33ን መውረጃ አያሰላም። ሁለቱን ቁጥሮች ደምሮ «ይህ አይሆንም» የሚል ወንበር አልነበረም። በቅጹ ላይ ቦታ ያልተሰጠው ሥጋት ደግሞ ፈራሚ አይኖረውም፤ በዝምታ የሚሸከመው ተሳፋሪው ነው። ወታደር ሲመዘገብ አደጋ እንዳለበት አውቆ፣ ቃል ገብቶ ነው። በአውሮፕላኑ የነበሩት 60 መንገደኞች ግን ቲኬት ነው የቆረጡት።

ይህን ስል የጦርን ልምምድ እያቃለልኩ አይደለም። ሄሊኮፕተሩ የነበረበት ሻለቃ በአደጋ ጊዜ የመንግሥት መሪዎችን ከዋና ከተማዋ የማውጣት ኃላፊነት አለበት፤ ማታ ካልተለማመደ ማታ አይሠራም። ልምምድ ዋጋ እንደሚያስከፍልም ይታወቃል። ኮንግረስ ያቋቋመው የወታደራዊ አቪዬሽን ደኅንነት ብሔራዊ ኮሚሽን በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2013 እስከ 2018 ብቻ ከውጊያ ውጭ ከ6,000 በላይ አደጋዎች ደርሰው 198 ሰዎች መሞታቸውንና 157 አውሮፕላኖች መውደማቸውን ዘርዝሯል። ከዚያ ሁሉ መካከል የትኛው ለግዳጁ የግድ አስፈላጊ፣ የትኛው በግዴለሽነት የተተወ እንደሆነ የሚለየው ግን ያ ፊርማ ነው።

ፊርማ መከልከልም ብቻውን የማያድንበት ጊዜ አለ። በጁን 24 ቀን 1994 በዋሽንግተን ግዛት፣ ፌርቻይልድ በተባለ የአየር ኃይል ሰፈር፣ ለአየር ትርኢት የሚለማመድ ቢ-52 ቦምብ ጣይ መቆጣጠሪያ ማማውን በዝቅታ ሲዞር አጋድሎ ተከሰከሰና አራት መኮንኖች ሞቱ። አብራሪው በችሎታው የሚደነቅ፣ በሰፈሩ ውስጥም ትልቅ ስም ያለው ነበር። ግዙፉን አውሮፕላን ከተፈቀደለት ልክ በላይ ሲያጋድል፣ በኮረብታ ሸንተረር ላይ በጥቂት ሜትር ከፍታ ሲያልፍ ለዓመታት ታይቷል። በተነገረ ቁጥር ምላሹ የቃል ተግሣጽ ነበር። አዛዥ ይቀየራል፤ ቃሉ አብሮት ይሄዳል፤ አዲሱ አዛዥ ስለ አብራሪው አንድ የተጻፈ ገጽ አያገኝም። ከሥሩ ያሉ አብራሪዎች አብረን አንበርም እስከ ማለት ደረሱ። አንድ የስኳድሮን አዛዥ «ይህ ሰው ከበረራ ይታገድ» ብሎ በይፋ ጠየቀ፤ ከበላዩ ያለው አልተቀበለውም። አዛዡ ያኔ የወሰነው «እንግዲያው ከኔ ልጆች ማንም ከሱ ጋር አይበርም፤ የምበረው እኔ ነኝ» የሚል ነበር። በዚያ ቀን ከሞቱት አራቱ አንዱ እሱ ነው። ባለቤቱና ሁለት ልጆቹ ከቤታቸው ሆነው አደጋውን በዓይናቸው አይተዋል። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ስለ አብራሪው አይደለም፤ ትክክለኛውን ነገር በትክክለኛው መንገድ ጠይቆ፣ ሲከለከል የገዛ ነፍሱን መያዣ ስላደረገው ስለዚያ አዛዥ ነው።

ብሪታንያ ደግሞ የተማረችው ከወረቀት ነው። በሴፕቴምበር 2 ቀን 2006 ኒምሮድ የተባለ የስለላ አውሮፕላን አፍጋኒስታን፣ ካንዳሃር አካባቢ አየር ላይ ነዳጅ ከተቀበለ በኋላ በእሳት ተያያዘና 14 ሰዎች ሞቱ። ነዳጅ አፍስሶ ከጋለ የአየር ቱቦ ጋር ተገናኝቶ ነበር። ቱቦውና ነዳጁ አጠገብ ለአጠገብ እንዲሆኑ ያደረገው የአውሮፕላኑ ንድፍ የአሥርት ዓመታት ዕድሜ ነበረው። ከአደጋው ቀደም ብሎ የአውሮፕላኑን ሥጋቶች አንድ በአንድ የሚመረምር ሰነድ በብዙ ገንዘብ ተዘጋጅቷል። ጠበቃው ቻርልስ ሃደን-ኬቭ በኦክቶበር 2009 ባወጡት የምርመራ ሪፖርት እንዳሳዩት፣ በሰነዱ ከተመዘገቡት ሥጋቶች ከ40 በመቶ በላይ እልባት ሳያገኙ፣ ከ30 በመቶ በላይ ደግሞ ደረጃ ሳይወጣላቸው ቀርተው ነበር። ሆኖም ሥራው ተጠናቀቀ ተብሎ ተፈረመበት። ሰነዱን የሠሩትም የተቀበሉትም «ይህ አውሮፕላን 30 ዓመት በሰላም በርሯል» ብለው ጀምረው፣ ያንኑ ይዘው ጨረሱ። ቤታችን ውስጥ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ እያየን «እስከ ዛሬ ምን አደረገን» እንደምንለው ማለት ነው።

ብሪታንያ ከዚያ በኋላ ያደረገችው ግን እዚህ ከተነሱት ሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባ ነው። በ2010 የጦር አቪዬሽንን ብቻ የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አቋቋመች። ከዚያም ለእያንዳንዱ ዓይነት አውሮፕላን የሰው ሕይወት ሥጋት ተጠያቂ የሚሆን መኮንን በስም ተሰየመ። ኮሚቴ ወይም መምሪያ አይደለም፤ ስምና ማዕረግ ያለው አንድ ሰው፣ በሕግ የሚጠየቅ። ሥጋቱ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ወደ በላዩ ያስተላልፋል፤ የበላዩም በጽሑፍ ይቀበላል ወይም በረራውን ያስቆማል። ፌርቻይልድ ላይ የቃል ተግሣጽ ሆኖ የቀረው ነገር በዚህ አሠራር መዝገብ ላይ ባረፈ ነበር። በፖቶማክም «የሩት 4 ሥጋት ባለቤት ማነው?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚጠራ ስም በተገኘ ነበር።

ከአደጋው በኋላ የሩት 4 አደገኛው ክፍል በማርች 2025 በቋሚነት ተዘጋ። በሜይ 1 ቀን ግን ሌላ ብላክ ሆክ በፔንታጎን አካባቢ ሲበር ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ማረፋቸውን ትተው እንደገና እንዲወጡ ተደረገ። ያኔ በሴኔት ፊት የተሰማው ነገር አስደንጋጭ ነው። ማማውን ከፔንታጎን ጋር የሚያገናኘው ቀጥታ ስልክ ከማርች 2022 ጀምሮ አይሠራም ነበር። 67 ሰው ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ የአቪዬሽን አስተዳደሩ ስልኩ መሞቱን ገና አወቀ። ቦርዱ በጃንዋሪ 2026 ምርመራውን ሲያጠቃልል ዋናውን ምክንያት ያደረገው የአንድን ሰው ስሕተት አይደለም፤ የአቪዬሽን አስተዳደሩ መስመሩን ከማረፊያ መንገድ አጠገብ ማስቀመጡን፣ በየጊዜው አለመገምገሙንና በእጁ ያለውን መረጃ አለመጠቀሙን ነው። ማታ «አየሁት» ባለ ሰው ዓይን ላይ ከልክ ያለፈ መደገፍም ተነስቷል። ጦሩም አብራሪዎቹ የከፍታ መለኪያቸውን ስሕተት መጠን እንዲያውቁ ባለማድረጉ ተወቅሷል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ልቡ የሚነካበት ሌላ ምክንያት አለው። ይኸው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በዲሴምበር 2018፣ የላዮን ኤር አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከወደቀ በኋላ፣ የቦይንግ 737 ማክስ ማስተካከያ ካልተደረገለት በአገልግሎት ዘመኑ እስከ 15 የሚደርሱ ተጨማሪ ገዳይ አደጋዎች ሊያስከትል እንደሚችል አስልቶ ነበር። አውሮፕላኑ ግን መብረሩን ቀጠለ። ከሦስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የበረራ ቁጥር 302 ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀና 157 ሰዎች ሞቱ። ያ የጦር አውሮፕላን አልነበረም፤ ችግሩም ሌላ ነው። የተሰላ ሥጋት በፋይል ውስጥ ሲቀመጥ ምን እንደሚያስከትል ግን እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን።

ቢሾፍቱን ያነሳሁት ስለ 302 ብቻ አይደለም። የአየር ኃይላችን ዋና ሰፈር ሐረር ሜዳ እዚያው ቢሾፍቱ ነው፤ አብራሪዎች የሚሠለጥኑትም እዚያ ነው። በመጨረሻ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኞች እንዲያስተናግድ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያም የሚገነባው በዚያው በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ ላይ ነው። የጦርና የሲቪል አውሮፕላን ጎን ለጎን መብረር በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በብዙ አገር ያለ ነው። ከሐረር ሜዳ የሚነሳ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ወደ አቡሴራ ከሚወርድ የመንገደኛ አውሮፕላን በስንት ሜትር እንደሚያልፍ፣ የከፍታ መለኪያ ስሕተት ሲጨመርበት ስንት እንደሚቀር፣ ሁለቱ ማማዎች በየትኛው ስልክ እንደሚነጋገሩና ስልኩ በየስንት ቀኑ እንደሚሞከር መሐንዲሶቹ በእርሳስ ሊያሰሉትና ሊጽፉት ይችላሉ። ከስሌቱ ግርጌ ሁለት የፊርማ ቦታ ይኑር፤ አንዱ ለአየር ኃይሉ፣ አንዱ ለሲቪል አቪዬሽኑ። ከእያንዳንዱ ፊርማ ሥር ደግሞ ሙሉ ስም ይጻፍ።